በቫኪዩም የተወለደ ሕፃን ራስ ሲያብጥ፦ እስከ ሦስተኛው ቀን እንዴት ትከታተላላችሁ?

«ሲስተር፣ ልጁ በቫኪዩም ነው የወጣው። ራሱ አብጧል። ይጠፋል ወይ?»

ጎንደር ውስጥ ማዋለጃ ክፍል የሚሠራ ሰው ይህን ሳይጠየቅ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። አባት በስልክ ይጠይቃል። አያት ገንፎ ይዛ ስትገባ ትጠይቃለች። ከወገራ ወይም ከደንቢያ በሪፈር የመጣች አስታማሚ ኮሪደር ላይ አቁማ ትጠይቃለች። ለሁሉም የምመልሰውን እዚህ በተራ አስቀምጬዋለሁ። ቫኪዩም ማለት የልጁ ራስ ላይ በሚለጠፍ ኩባያ ልጁን ስቦ ማዋለድ ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ አብዛኛው እብጠት ምንም ሳይደረግለት ይጠፋል። አንዱ ዓይነት ግን የደም መፍሰስ ነው። ደሙ የሚጠራቀመው ከራስ ቆዳ ሥር ስለሆነ ወደ ውጭ ጠብ የሚል ነገር አይታይም። ብዙ ጊዜም ጎልቶ የሚወጣው ልጁ ደህና መስሎ፣ ዘመድ እልል ብሎ ከጨረሰ በኋላ ነው። በቶሎ ከተደረሰበት ሕክምና አለው። ከዘገየ ይገድላል።

መመሪያው ለአራሷ፣ ለአባትና ለአስታማሚ ነው። ባለሙያዋ የራሷን ክትትል ታደርጋለች፤ የእናንተ የእሷን አይተካም። ግን ሌሊት ላይ አንዲት አዋላጅ ስንት አራስ እንደምታይ እናንተም ታዩታላችሁ። ከልጁ አጠገብ የማትጠፉት እናንተ ናችሁ።

ማስጠንቀቂያ። ልጁ አሁን ከነጣ፣ ከዛለ፣ ጡት አልይዝ ካለ፣ ሲተነፍስ ካቃሰተ፣ ወይም የራሱ እብጠት ወደ ጆሮው፣ ወደ ዓይኑ ወይም ወደ ማጅራቱ ከወረደ ማንበቡን ትታችሁ ባለሙያ ጥሩ። ቤት ከሆናችሁ አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። እስኪነጋ አትጠብቁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የማይለጠጥ ሜትር። ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበት የፕላስቲክ ሜትር ይሆናል። አዲስ ይሁን፤ ያረጀ ሜትር ስለሚሳብ ይዋሻል። ሜትር ካጣችሁ የማይለጠጥ ሲባጎም ይሠራል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ግን ባትሪ ሲያልቅ ታሪኩም አብሮ ያልቃል።
- ሰዓት። የስልካችሁ ይበቃል፤ መብራቱም ሌሊት ይጠቅማል።
- ሰፋ ያለ የጥጥ ኮፍያ፣ ቢቻል ሁለት።
- ንጹሕ፣ ደረቅ ጨርቅ።
- ከተገኘ የብብት ሙቀት መለኪያ።
- የታጠበ እጅና ያጠረ ጥፍር።

ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ጠባብ ሻሽና በረዶ ከቦርሳው ይውጡ። ለምን እንደሆነ ታች እናየዋለን።

ደረጃ 1። ከማዋለጃ ክፍል ሳትወጡ ጠይቃችሁ ጻፉ

አምስት ነገር ጠይቁ፦

- ስንት ሰዓት ተወለደ?
- ቫኪዩሙ ስንት ጊዜ ተሳበ? ኩባያው ከራሱ ላይ ተላቆ ነበር ወይ?
- ልጁ ስንት ኪሎ ነው?
- የራሱ ዙሪያ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?
- ቫይታሚን ኬ ተወግቷል?

ጥያቄው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ቫኪዩም ብዙ እናትና ልጅ ያተርፋል። ግን ብዙ ጊዜ ልጁ በሦስት ስቦሽ ውስጥ ይወጣል ተብሎ ነው የሚሠራው። ስቦሹ ከዚያ ከበዛ፣ ከ20 ደቂቃ በላይ ከወሰደ፣ ኩባያው ደጋግሞ ከተላቀቀ፣ ወይም ቫኪዩሙ አልሆን ብሎ በኦፕራሲዮን ከወጣ ልጁ ይበልጥ መጠበቅ አለበት። ምክንያቱም የራስ ቆዳው ከሥሩ ካለው አጥንት በተሳበ ቁጥር በመካከል የሚያልፉት ትንንሽ ደም መላሾች የመቀደድ ዕድላቸው ይጨምራል። ቢሆንም አንዴ ብቻ ተስቦ የወጣ ልጅም ሊደማ ይችላል። «ቀላል ነበር» ስለተባላችሁ ቀጣዮቹን ደረጃዎች አትዝለሉ።

ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ የሚረዳ ነው። ሕፃን ሲወለድ በሰውነቱ ውስጥ ያለው በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ለደህና ክብደት ላለው ልጅ 1 ሚሊ ግራም ጭኑ ላይ ይወጋል። ግርግር ውስጥ ሊረሳ ይችላል፤ መጠየቃችሁ ያስታውሳል።

ሁለት ነገር ደግሞ እናንተ ንገሩ። በቤተሰቡ ውስጥ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ያለ ወንድ ልጅ ካለ ተናገሩ፤ ደም የማይረጋበት በሽታ በዘር ሊወርድ ይችላል። እናትየዋ በእርግዝናዋ ወቅት የሚጥል በሽታ ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስትወስድ ከነበረም ተናገሩ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የልጁን ቫይታሚን ኬ ይቀንሱታል።

የልደት ሰዓቱን ስትጽፉ በሐበሻ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ሰዓት ለይታችሁ ጻፉ። ካርዱ ላይ 8:00 የሚል አይቶ ስድስት ሰዓት የሚሳሳት ሰው አለ። እዚህ ጉዳይ ላይ ስድስት ሰዓት ብዙ ነው።

ደረጃ 2። ኮፍያውን አውልቁ፣ እዩ፣ ዳስሱ

ለመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት በየሰዓቱ። ከዚያ አንድ ቀን እስኪሞላው በየሁለት ሰዓቱ። ከዚያ እስከ ሦስተኛው ቀን ጡት ባጠባችሁ ቁጥር። ይህን ያህል የምንደጋግመው ደሙ ቀስ እያለ ስለሚጠራቀም ነው። አንዴ ማየት ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ያሁኑን ከቅድሙ ማወዳደር ነው።

እጃችሁን ታጠቡና አሙቁት። በአራት ጣት፣ ሳትጫኑ፣ ከግንባሩ ጀምራችሁ በእርግብግቢቱ በኩል ወደ ማጅራቱ ውረዱ። ቀጥሎ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው። በሁለቱም ጆሮ ጀርባ ያለውን አትርሱ። እርግብግቢቱ ለስላሳ መሆኑ የተፈጥሮ ነው፤ እሱን እብጠት ብላችሁ አትደንግጡ።

ልታገኙ የምትችሉት ከሦስቱ አንዱን ነው።

*የውሃ እብጠት።* ካርዱ ላይ «ካፑት» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሲወለድ ጀምሮ አለ። በቫኪዩም ከሆነ የኩባያውን ክብ ቅርጽ የያዘ ጉብታ ነው። ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ይሰረጉዳል። በሰዓታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ክብ ሆኖ የበለዘው ምልክት ግን ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ምንም አያስፈልገውም።

*አጥንቱ ላይ የተቋጠረ ደም።* «ሴፋልሄማቶማ» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው አይታይም፤ ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ይወጣል። ጠንከር ያለ ነው። የራስ ቅል አጥንቶች ከሚጋጠሙበት መስመር አያልፍም፤ አንዱ አጥንት ላይ ይቆማል። ለመጥፋት ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ወር። የሚያስከትለው ችግር በዋናነት ቢጫነት ነው።

*ከቆዳ ሥር የሚንሰራፋ ደም።* «ሰብጋሊያል ሄሞሬጅ» የሚባለው ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም እሱ ነው። በራስ ቆዳውና በአጥንቱ ሽፋን መካከል ያለው ቦታ ከቅንድብ እስከ ማጅራት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ አንድ ነው። መሐሉ ላይ የሚያግድ ግድግዳ የለም። ደም እዚያ ከገባ የሚያቆመው ሳይኖር ይንሰራፋል። ስትዳስሱት ውሃ ያለበት ፌስታል የመንካት ያህል ይላል፤ ጣታችሁ ሥር ይሸሻል። ልጁን በአንድ ጎኑ አስተኝታችሁ ከቆያችሁ በኋላ እብጠቱ ወደ ተኛበት ጎን ሄዶ ታገኙታላችሁ። ሲብስ ጆሮውን ወደ ፊት ወይም ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ የዓይኑ ቆብ ያብጣል፣ ማጅራቱ ይሞላል። ከጆሮው ጀርባ ይበልዛል። ሲነኩት በጣም ያለቅሳል።

ብዙ ሰው የሚያምታታው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነው። ሁለቱም ለስላሳ ናቸው፤ ሁለቱም የአጥንት መጋጠሚያን ያልፋሉ። በመጀመሪያው ሰዓት ባለሙያም ሊጠራጠር ይችላል። የሚለያቸው አቅጣጫው ነው፦ ውሃው በየሰዓቱ ያንሳል፣ ደሙ በየሰዓቱ ይጨምራል። ስለዚህ «ምን ዓይነት ነው?» ብላችሁ አትጨነቁ። «ከቅድሙ በልጧል ወይስ ቀንሷል?» ብላችሁ ጠይቁ። በልጧል ከሆነ ባለሙያ ጥሩ፤ ስሙን እነሱ ያወጡለታል።

ያያችሁትን በየጊዜው በአጭሩ ጻፉ፦ ሰዓት፣ ቦታው፣ በልጧል ወይስ ቀንሷል። ከመብራት ጋር በስልክ ፎቶ ማንሳትም ጥሩ ነው፤ ከአንድ ቦታና ከአንድ ርቀት ይሁን። ልጁን ሰው ያይብኛል የምትሉ ከሆነ ለማንም መላክ የለባችሁም። ለሐኪሙ ብታሳዩት ይበቃል።

ደረጃ 3። የራሱን ዙሪያ ለኩ

1. ልጁን በጀርባው አስተኙት ወይም ሌላ ሰው ይያዘው።
2. ሜትሩን ከቅንድቡ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጆሮው በላይ አሳልፋችሁ፣ ከኋላ የራሱ ጎላ ያለው ቦታ ላይ አዙሩት።
3. ቆዳውን ሳትጨቁኑ አጥብቁት። ሦስቴ ለኩና ትልቁን ጻፉ።
4. ግንባሩ ላይ ሜትሩ ያለፈበትን በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉበት። ቀጣዩም በዚያው ይለፍ።
5. በሲባጎ ከሆነ የተገናኘበትን ቦታ ምልክት አድርጉና ለባለሙያዋ ስጧት፤ በሜትር ትለካዋለች።

ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ልጅ የራስ ዙሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ33 እስከ 37 ሴንቲ ሜትር ነው። እናንተን የሚያሳስባችሁ ቁጥሩ ስንት መሆኑ ሳይሆን መጨመሩ ነው። ዙሪያው 1 ሴንቲ ሜትር ሲጨምር ወደ 40 ሚሊ ሊትር ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ይህ ለአዋቂ ምንም አይደለም። 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ግን በመላ ሰውነቱ ያለው ደም ከሩብ ሊትር ብዙም አይዘልም። 40 ሚሊ ሊትር ማለት ከስድስት እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው። ያ ከቆዳ ሥር ያለው ቦታ ደግሞ የልጁን ደም በሙሉ ለመያዝ ይበቃል።

1 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ ወዲያው ባለሙያ ጥሩ። ግማሽ ከጨመረ በ30 ደቂቃ ውስጥ ድገሙትና ለባለሙያዋ ንገሯት።

ሜትሩን ግን ብቻውን አትመኑት። ልጁ በማኅፀን በር ሲያልፍ ራሱ ተጨምቆ ስለነበር በመጀመሪያው ቀን ቅርጹ ይለዋወጣል። ደሙ ማጅራቱ ጋ ከተጠራቀመም ሜትሩ ከላዩ ስለሚያልፍ አያገኘውም። «አልጨመረም» ማለት «አይደማም» ማለት አይደለም።

ደረጃ 4። ከራሱ ወርዳችሁ ልጁን እዩ

ጊዜ አጥታችሁ አንድ ደረጃ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። ሰው ሁሉ እብጠቱ ላይ ያፈጥጣል፤ ልጁ ግን የሚናገረው በቀሪው ሰውነቱ ነው። ደም ሲያንሰው ሰውነቱ ያለውን ለልብና ለአንጎል ይቆጥባል፤ ከቆዳው፣ ከእጁና ከእግሩ ይቀንሳል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚነጣውና የሚቀዘቅዘው።

*ቀለሙ።* የኛ ልጆች ገና ሲወለዱ ስለሚቀሉ ወይም ስለሚጠይሙ ፊታቸውን አይቶ መለየት ያስቸግራል። ድዱን፣ ምላሱን፣ የእጁን መዳፍና የእግሩን ውስጥ እዩ። ቀላ ያለ መሆን አለበት። ከነጣ ወይም ከገረጣ ባለሙያ ጥሩ። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ማየት ይሻላል፤ ቢጫ አምፖል ያታልላል።

*አተነፋፈሱ።* ተኝቶ ሳለ የሆዱን መነሳት ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ለሕፃን አይሆንም፤ አተነፋፈሱ ፈጠን ዝግ ስለሚል ያሳስታል። ከ60 በላይ ከሆነ ደግማችሁ ቁጠሩ። አሁንም ከ60 ከበለጠ ባለሙያ ጥሩ። ሲያቃስት ወይም የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ካያችሁ ቆጠራውን ተዉትና ባለሙያ ጥሩ።

*አጠባቡና ልቅሶው።* ቅድም ጠብቶ አሁን ጡት ካልያዘ፣ ስትቀሰቅሱት ካልነቃ፣ እጅና እግሩ ከዛለ ምልክት ነው። ሳያቋርጥ በቀጭን ድምፅ ማልቀስም እንዲሁ። «ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁም አይሰማ» ሲባል ደስ አይበላችሁ። በቫኪዩም ተወልዶ በመጀመሪያው ቀን ጭጭ ያለ ልጅ ቀስቅሳችሁ አጥቡት፤ ካልጠባ ባለሙያ ጥሩ።

*ሙቀቱ።* እግሩን ንኩ። ደረቱ ሞቆ እግሩ በጣም ከቀዘቀዘ ወይ በርዶታል ወይ ደም አንሶታል። ገላ ለገላ አድርጋችሁ ሞቆም እግሩ ካልሞቀ ተናገሩ። በሙቀት መለኪያ ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን አለበት።

*ሽንቱ።* በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንዴ መሽናት አለበት።

*ሌላ ቦታ መድማት።* ከእትብቱ፣ መርፌ ከተወጋበት ወይም ራሱ ላይ ካለው ጭረት ደም አልቆም ካለ ደሙ እየረጋ አይደለም ማለት ነው። ይህ ያስቸኩላል።

ደረጃ 5። አሙቁት፣ አጥቡት፣ ራሱን ተዉት

ብርድ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። የጎንደር ሌሊት፣ ይልቁንም በክረምት፣ ለአራስ ልጅ ቀላል አይደለም፤ የደባርቅና የዳባት ደግሞ ይብሳል። ልጁን ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጋችሁ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኙት፣ ከላይ ጋቢ ደርቡ። አፍና አፍንጫው ክፍት መሆኑን እዩ። ኮፍያው በሁለት ጣት ገባ ወጣ የሚል ሰፊ ይሁን። ኮፍያ አይደረግ ማለቴ አይደለም። በየሰዓቱ ለአንድ ደቂቃ አውልቃችሁ አይታችሁ መልሱለት።

እንገሩን በመጀመሪያው ሰዓት ይጥባ፣ ከዚያ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ። ቅቤ ማስዋጥና የስኳር ውሃ አይሆንም። ያበጠው ጎን ወደ ታች ሆኖ አይተኛ። የመጀመሪያ መታጠቢያው ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ።

ቆዳው ተጭሮ ትንሽ ደም ካለ ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ባለሙያ አሳዩ። አመድ፣ ቅጠል፣ ቅባት አይነካው።

ደረጃ 6። ምልክት ስታዩ እንዲህ በሉ

«ሲስተር፣ እብጠቱ አሳሰበኝ» ካላችሁ «ይጠፋል፣ አይዞሽ» ልትባሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ለምሳሌ፦ «በቫኪዩም የተወለደው ልጅ ነው። ከተወለደ 5 ሰዓት ሆኖታል። የራሱ ዙሪያ ከ34 ወደ 35 ሄዷል፣ እብጠቱ ማጅራቱ ጋ ወርዷል፣ ካለፈው ሰዓት ጀምሮ አልጠባም።» ይህን የሰማች ባለሙያ ተነስታ ትመጣለች። ካልመጣች ሐኪም ይጠራልን በሉ። ማፈር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ብታውቁ አትደናገጡም። ልጁ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ይገባል። የልብ ምቱና ኦክስጅኑ ይለካል። በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ ካስፈለገ ደምና ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ፕላዝማ ይጨመራል። ደሙ ይመረመራል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላም እንደገና። «እየደማ ደግሞ ደም ይቀዱታል?» ብሎ የሚቆጣ ዘመድ አይጠፋም። የሚወሰደው ጥቂት ነው። የሚደገመውም ደም መፍሰስ ሲጀምር የመጀመሪያው ውጤት ደህና ሊመስል ስለሚችል ነው።

«ለምን በመርፌ አያወጡለትም?» ይባላል። አይወጣም። የተጠራቀመው ደም ቦታውን ሞልቶ የሚፈሰውን በመጠኑ ይገታል፤ ከተቀዳ እንደገና ይፈሳል፣ በመርፌውም ጀርም ይገባል። ሰውነቱ ራሱ ቀስ በቀስ ይመጠዋል።

ቤተሰብ ደም እንዲሰጥ ሊጠየቅ ይችላል። ደም ሲባል ኮሪደሩ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ሁለት ፈቃደኛ ሰው ቀድማችሁ ያዙ። ለልጁ የሚሰጠው ተመርምሮ የተዘጋጀ ደም ነው፤ ከአባቱ ክንድ በቀጥታ አይደለም።

ደረጃ 7። ሪፈር ከተባላችሁ

ከቆላድባ፣ ከአይከል ወይም ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስትላኩ መንገዱ ራሱ ጊዜ ይበላል። ከደባርቅ ከሆነ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ፦

1. ከመነሳታችሁ በፊት ቫይታሚን ኬ መወጋቱንና በደም ሥሩ ፈሳሽ መጀመር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ልጁ መንገድ ላይ እየደማ ስለሚሄድ እዚያው የተጀመረ ሕክምና ይጠቅማል።
2. የሚቀበለው ሆስፒታል ቀድሞ እንዲደወልለት ጠይቁ። ደም ማዘጋጀት ጊዜ ይፈልጋል።
3. ሪፈር ወረቀቱ ላይ የልደት ሰዓት፣ የስቦሹ ብዛት፣ የራስ ዙሪያውና የተሰጠው መድኃኒት መጻፉን እዩ። የራሳችሁንም ወረቀት ያዙ።
4. አምቡላንስ ጠይቁ፤ ኦክስጅንና ባለሙያ ሊኖር የሚችለው እዚያ ነው። በጣም ከዘገየ በተገኘው መኪና ሂዱ።
5. እናትየው አቅም ካላት አብራ ትሂድ፣ ልጁ ገላ ለገላ በደረቷ ይሁን። እሷ ካልቻለች አባት ወይም አያት ይታቀፉት። መንገዱ ሲንጥ ራሱ በእጅ ይደገፍ እንጂ አይጨበጥ።
6. ለመጥባት አቅም ካለው መንገድ ላይም ይጥባ። ዝሎ ወይም እያቃሰተ ከሆነ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ትን ይለዋል።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

*ራሱን ማሸት።* ራሱ ሾጠጥ ብሎ የተወለደን ልጅ «ቅርጽ እናስይዘው» ብሎ የሚያሽ እጅ አለ። በደግነት ነው። ግን የተቀደደው ደም መላሽ ገና አልደረቀም፤ ማሸት እንደገና ይከፍተዋል። ቅርጹ በቀናት ውስጥ ራሱ ይስተካከላል። እማማን በአክብሮት እንዲህ በሏቸው፦ «ሐኪም ለጊዜው አይነካ ብሏል።» ይሠራል።

*ቅቤ መቀባት።* ቅቤው ደሙን አያቆምም። የተጫረ ቆዳ ካለ ጀርም ያስገባል። ከሁሉም በላይ ሲያንሸራትት እብጠቱን መዳሰስ አይቻልም።

*በሻሽ ማሰር።* እብጠቱን ይጫነዋል የሚል ሐሳብ ነው። የሚያደርገው መሸፈን ብቻ ነው፤ ደሙ ከሻሹ ሥር ወደ ማጅራት ይሄዳል። በረዶም አይሆንም፤ ልጁን ያቀዘቅዘዋል።

*ቶሎ ወደ ቤት መሄድ።* ቤት ተሰናድቷል፣ ገንፎው ተገንፍቷል፣ ባጃጁ በር ላይ ነው። በቫኪዩም የተወለደ ልጅ ግን ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋም ይቆይ። መንገዳችሁ ሩቅ ከሆነ ከዚያም በላይ ብትቆዩ እመክራለሁ።

*ተራ ሳይዙ መጠበቅ።* አንዷ አስታማሚ ሌላዋ አየችው ብላ ታስባለች፤ ማንም ሳያየው ይነጋል። ወረቀቱ ላይ ከሰዓቱ ጎን ያየው ሰው ስም ይጻፍ።

*ጸበልና ሕክምናን ማጣላት።* አይጣሉም። ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ራሱ ላይ አይፍሰስ፣ ጉዞውንም አያዘግይ።

ደረጃ 8። ቤት ከገባችሁ በኋላ

እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ባጠባችሁ ቁጥር ራሱንና ቀለሙን እዩ። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ጤና ጣቢያ አሳዩት። አራስ አትወጣም ከተባለ ጤና ኤክስቴንሽኗን ቤት ጥሩ፤ የአደጋ ምልክት ካለ ግን አራስም ትወጣለች።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ቢጫነት ነው። የተጠራቀመው ደም ሲፈርስ ቢጫ ነገር ይለቃል፤ የሕፃኑ ጉበት ቶሎ አያስወግደውም። በየጠዋቱ በቀን ብርሃን የዓይኑን ነጭና ድዱን እዩ፤ የአፍንጫውን ጫፍ ደግሞ ጫን ለቀቅ አድርጋችሁ እዩ። በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቢጫ ሆኖ ጡት ከተወ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ፀሐይ ማሞቅ ሕክምናው አይደለም፤ የፎቶቴራፒ መብራት ያስፈልገዋል።

አጥንቱ ላይ የተቋጠረው ዓይነት ከሆነ ከሳምንታት በኋላ ጠርዙ ሊጠነክር ይችላል። አትፍረጡት፣ አታስበጡት። ትኩስ ከሆነ፣ ከቀላ፣ መግል ካወጣ ወይም ልጁ ካተኮሰው ግን አሳዩት። ቁስሉ ሳይደርቅ ራሱን አትላጩት።

ወንድ ከሆነና ደምቶ ከነበረ በስምንተኛው ቀን የሚደረገው ግርዛት ይቆይ። ሐኪሙ ደሙ በደንብ እንደሚረጋ አረጋግጦ ሲፈቅድ በጤና ተቋም ይደረግለት።